በደርግ ዘመን ሕዝቡ ምን ተስፋ አደረገ? ምንስ ፈራ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከመስቀል አደባባይ እስከ አራት ኪሎ፣ ከፒያሳ እስከ ካዛንቺስ ያለው የአዲስ አበባ እምብርት 17 ዓመት በወታደር መንግሥት ሥር ኖሯል። ዘመኑን ያላዩ ልጆች ዛሬ ብዙ ይጠይቃሉ። መጠየቃቸው ደስ ይላል። ጥያቄዎቹ ስለሚመሳሰሉ እዚህ አንድ ላይ ሰብስቤ መልሼአቸዋለሁ። "እንደ አውሮፓውያን" ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

ሕዝቡ መጀመሪያ ላይ ወታደሩን ደግፎ ነበር ይባላል። እውነት ነው?

እውነት ነው። በኋላ የመጣውን ለሚያውቅ ሰው ማመኑ ይከብዳል። ግን የካቲት 1966ን በዚያን ጊዜ ሰው ዓይን ማየት ያስፈልጋል። ነዳጅ ሲወደድ የታክሲ ሾፌሮች ሥራ አቆሙ። መምህራን አድማ መቱ። ሚያዝያ 12 ሙስሊሞች የሃይማኖት እኩልነት ጠይቀው በአዲስ አበባ ታላቅ ሰልፍ አደረጉ፤ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ወጡ። ወሎ ውስጥ ሰው በረሃብ ሲረግፍ መንግሥት ነገሩን ሸፍኖ ቆይቷል። ወታደሩም ቢሆን መጀመሪያ የተነሣው በራሱ ብሶት ነው። ጥር ላይ ነገሌ ቦረና የነበሩ ወታደሮች በምግብና በውሃ ችግር ተማርረው በአዛዦቻቸው ላይ አመፁ።

ታዲያ ይህን ሁሉ ብሶት ማን ይዞ ይምራ? ጃንሆይ የፖለቲካ ፓርቲ አልፈቀዱም ነበር። ከላይ እስከ ታች የተደራጀ፣ መሣሪያም መገናኛም ያለው አንድ አካል ብቻ ነበር። እሱም ጦሩ ነው። ሰኔ 21፣ 1966 ከየክፍሉ የተውጣጡ መቶ ያህል ወታደሮች አራተኛ ክፍለ ጦር ግቢ ውስጥ ደርግን አቋቋሙ። መስከረም 2፣ 1967 ጃንሆይ በቮልስዋገን ከቤተ መንግሥት ሲወሰዱ መንገድ ዳር "ሌባ! ሌባ!" እያለ የጮኸ ሰው ነበር። የዚያን ሰሞን መፈክር "ያለ ምንም ደም ኢትዮጵያ ትቅደም" የሚል ነው። ብዙ ሰው ልቡን የሰጠው ለዚህ ቃል ነው።

ከመጀመሪያው የተጠራጠረ ሰው አልነበረም?

ነበር። ተማሪዎችና የሠራተኛ ማኅበራት ወዲያውኑ "ሕዝባዊ መንግሥት" ብለው ጠየቁ። ወታደሩ ወደ ካምፑ ይመለስ፣ ሥልጣኑን ለሕዝብ ያስረክብ አሉ። መልሱ እስር ሆነ። የሠራተኛ ማኅበሩ መሪዎች ጃንሆይ በወረዱበት ወር ታሰሩ። ይህን ልብ በሉ። ሰው ስጋቱን ገና ሲናገር እንደ ጠላት ተቆጠረ። ከዚያ ወዲህ የመጣው ብዙ ነገር ከዚህ የሚመዘዝ ይመስለኛል።

ሰው የጠበቀው ምን ነበር? ከጠበቀውስ ያገኘው አለ?

እንደየሰው ነው። ጭሰኛው መሬት፣ የከተማ ተከራዩ ቤት፣ ወታደሩ ደሞዝ፣ ሙስሊሙ በአገሩ እኩል መሆን ፈለገ። ተማሪው ደግሞ "መሬት ላራሹ" እያለ ስንት ዓመት ጮኋል።

ያገኙትም አሉ። የካቲት 25፣ 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። ጭሰኝነት ቀረ፤ ለባላባት መገበር ቀረ። ያን ሰሞን አዲስ አበባ ለድጋፍ የወጣው ሕዝብ ከልቡ ነበር የወጣው። የሙስሊም በዓላት ብሔራዊ በዓል ሆኑ። ሐምሌ 1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ፤ በዓመቱ የዩኔስኮን ሽልማት አገኘ። ስማቸውን መጻፍ ያን ጊዜ የተማሩ እናቶች ዛሬም አሉ። ይህን መካድ እነሱን መበደል ነው።

የቀበሌ ቤትስ? ጥሩ ነበር ወይስ መጥፎ?

ከሁሉም በላይ የምጠየቀው ይህንን ነው። ረዘም አድርጌ ብመልሰው ይሻላል፤ መሀል አዲስ አበባን ዛሬ ባለችበት መልክ ያደረጋት ይህ አዋጅ ነውና።

አዋጅ ቁጥር 47 ሐምሌ 19፣ 1967 ወጣ። የከተማ ቦታ በሙሉ የመንግሥት ሆነ። አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ተደረገ። ትርፍ ቤት ተወረሰ። የወር ኪራዩ እስከ 100 ብር የሆነውን ቀበሌ ያዘው፤ ከዚያ በላይ ያለው ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሄደ። ከ300 ብር በታች የነበረ ኪራይ እንደየመጠኑ ከ15 እስከ 50 በመቶ ተቀነሰ። ትልቁ ቅናሽ የደረሰው ለድሃው ነው።

እስቲ ጉሊት የምትቸረችርን እናት አስቡ። ትናንት ኪራይ በዘገየ ቁጥር አከራይ በር ላይ ይቆምባት ነበር። ዛሬ ኪራይዋ በግማሽ ቀነሰ፤ የሚያስወጣት ጌታም የለም። ለእሷ አብዮት ማለት ይህ ነው። ማንም ምንም ቢላት ይህን አትረሳውም።

በዚያው ቀን ሌላ ቤት ለቅሶ ነበር። ትርፍ ቤት የነበረው ሁሉ መኳንንት አልነበረም። ዕድሜ ልኩን ሠርቶ ጓሮው ውስጥ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ያቆመ ጡረተኛ ነበር። ባሏ ሞቶባት ልጆቿን በኪራይ የምታሳድግ ሴት ነበረች። ለቦታ ካሳ አልተከፈለም። ኑሯቸው በኪራይ ላይ ብቻ ለነበረ ሰዎች አነስተኛ የወር ድጎማ ታስቦ ነበር፤ የሄደውን ቤት ግን የሚተካ አልነበረም።

ፖሊሲው የሳተው ትልቁ ነገር ጥገና ነው። ኪራዩ ለዓመታት ሳይነቃነቅ ቆየ። በወር ጥቂት ብር የሚሰበስብ ቀበሌ የዛገ ቆርቆሮ በምን ይቀይር? ቤት ሠርቶ ማከራየትም ተከልክሏል። የከተማው ሰው በዛ፣ ቤቱ ግን ባለበት ቀረ። ልጅ አገባና እዚያው ክፍል ውስጥ መጋረጃ ጋርዶ ኑሮ ጀመረ። ደባል መጣ። አንድ ሽንት ቤት ለስንት አባወራ ሆነ። ፒያሳና ካዛንቺስ ጀርባ የምናውቃቸው የደከሙ ሰፈሮች ያረጁት በዚህ መንገድ ነው።

ተከራዩም ቢሆን ያገኘው ርካሽ ኪራይ እንጂ ዋስትና አልነበረም። ቤቱ የእሱ አይደለም። በ2016 የኮሪደር ልማት መጥቶ ፒያሳ ሲፈርስ ከፈረሱት ውስጥ ብዙዎቹ የቀበሌ ቤቶች ነበሩ። አከራዩ ከግለሰብ ወደ መንግሥት ተቀየረ፤ "ነገ ተነሡ እንባል ይሆን?" የሚለው ስጋት ግን 50 ዓመት ሙሉ እዚያው ነበር። ለዛሬ ፖሊሲ አውጪ ትልቁ ትምህርት እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛል። ሰው የሚፈልገው ጣራ ብቻ አይደለም፤ ከጣራው ሥር ማንም በአንድ ደብዳቤ እንደማያስነሣው ማወቅም ይፈልጋል።

ቤት የሰጠ ቀበሌ እንዴት አስፈሪ ሆነ?

ሁሉ ነገር በእሱ እጅ ስለገባ ነው። መታወቂያ የሚሰጠው ቀበሌ ነው። ከከተማ ለመውጣት ይለፍ ወረቀት የሚጽፈው ቀበሌ ነው። ስኳር፣ ሳሙና፣ ዘይት በቀበሌ ሱቅ ነው። ዳኝነቱም እዚያው ነው። በኋላ ደግሞ አብዮት ጠባቂው መሣሪያ ታጠቀ፤ እስር ቤቱም እዚያው ግቢ ውስጥ ተከፈተ። ከሊቀመንበሩ ጋር የተጣላ ሰው ስኳሩን ብቻ ሳይሆን ልጁንም ሊያጣ ይችል ነበር።

ፍርሃቱ መቼ ጀመረ?

ብዙዎች ህዳር 14፣ 1967ን ይጠቅሳሉ። በዚያች ሌሊት 60 ያህል ሰዎች ያለ ፍርድ ተገደሉ። ከእነሱ ውስጥ ሁለት የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች አሉ፤ አክሊሉ ሀብተወልድና እንዳልካቸው መኰንን። የደርግ የመጀመሪያ ሊቀመንበር የነበሩት ጄኔራል አማን አንዶምም የሞቱት በዚያው ዕለት ነው። "ያለ ምንም ደም" የተባለው ሦስት ወር አልሞላውም።

የባሰው ከጥር 26፣ 1969 በኋላ መጣ። ያን ቀን ሊቀመንበሩ ተፈሪ በንቲና ሌሎች የደርግ አባላት ቤተ መንግሥት ውስጥ ተገደሉ፤ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ብቻውን ላይ ወጣ። መጋቢት ላይ በአዲስ አበባ ቤት ለቤት አሰሳ ተደረገ። ሚያዝያ 9 ዛሬ መስቀል አደባባይ በምንለው፣ ያኔ አብዮት አደባባይ በተባለው ቦታ መንግሥቱ ደም የመሰለ ፈሳሽ የያዙ ጠርሙሶች ሰብሮ ቀይ ሽብርን አወጀ። ሚያዝያ 21፣ በሜይ ዴይ ዋዜማ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ተገደሉ። "ነፃ እርምጃ" የሚባል ነገር መጣ፤ ቀበሌ ሰው ይዞ እስከ መግደል ሥልጣን አገኘ። አስከሬን መንገድ ላይ ይጣል ነበር። ደረቱ ላይ ጽሑፍ የተለጠፈበትም ነበር። ለልጇ ድንኳን እንዳትጥል፣ እንዳታለቅስ የተከለከለች እናት ነበረች። የጥይት ዋጋ የተጠየቁ ቤተሰቦችም አሉ።

ደርግን የተቃወመው የግራ ፓርቲ ኢሕአፓም በከተማው ውስጥ ሰው ገድሏል። ይህም መነገር አለበት። ግን መንግሥት ሕግ፣ ፍርድ ቤትና እስር ቤት ያለው አካል ነው። እነዚህን ሁሉ ትቶ ሰፈርን በሰፈር ላይ ማስታጠቁ በምንም አይመዘንም።

ሕዝቡ ዝም ካለ መንግሥት የሰውን ስሜት በምን ያውቅ ነበር?

አያውቅም ነበር። ለእኔ የዘመኑ ትልቁ የፖሊሲ ውድቀት ይህ ነው።

ስብሰባ ግዴታ ነው። የቀረ ስሙ ይጻፋል። የመጣ ያጨበጭባል። ካድሬው "ሰፊው ሕዝብ በሙሉ ድምፅ ደግፏል" ብሎ ወደ ላይ ይልካል። ላይ ያለውም ያምናል፤ ካላመነም አምኖ መምሰል አለበት። ሰው "ዝም አይነቅዝም" ብሎ ነፍሱን አዳነ። ዝምታው ግን እንደ ድጋፍ ተቆጠረ፤ ሕግም በላዩ ላይ ወጣ።

የሰው እውነተኛ ሐሳብ የሚነበበው ከሥራው ነበር። ገበሬው እህል ለሚገዛው የመንግሥት ድርጅት፣ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት፣ በተመን ከመሸጥ እህሉን ይደብቅ ነበር። ከገጠር ዘመድ ጠይቆ የሚመለስ የከተማ ሰው ትንሽ ጤፍ በኬላ ለማሳለፍ ስንት መላ ይፈጥራል። መርካቶ እህል በረንዳ ያለው ዋጋ ከመንግሥት ተመን በብዙ ይበልጥ ነበር። ወጣቱ በሱዳን፣ በጅቡቲ በኩል በእግሩ ወጣ። ይህ ሁሉ ጩኸት ነው። የሚሰማው ግን እንደ አሻጥር ቆጠረው፤ መልሱም ሌላ ኬላ፣ ሌላ ቅጣት ሆነ።

ማስረጃ ለሚፈልግ ሁለት አሉ። በጥር 1979 አዲሱን ሕገ መንግሥት 81 በመቶ ሕዝብ ደገፈ ተባለ። ከአራት ዓመት በኋላ መንግሥቱ ግንቦት 13፣ 1983 አገር ጥሎ ሲሄድ ያንን ሕገ መንግሥት ላድን ብሎ የተነሣ አልታየም። ሁለተኛው ይበልጥ ይገርማል። የካቲት 26፣ 1982 መንግሥት ራሱ "ቅይጥ ኢኮኖሚ" ብሎ ሲያውጅ ገበሬው ወዲያው በጋራ ያርስባቸው የነበሩትን የአምራች ማኅበራት ሀብት ተከፋፈለ፤ በመንደር ምሥረታ ከቀዬው ተነሥቶ አዲስ መንደር የተሰበሰበውም ብዙው ወደ ድሮ ቀዬው ተመለሰ። ለዓመታት "ደግፏል" ሲባል የኖረው ይኸው ገበሬ ነው።

እናቶች ስለ አፈሳ ሲያወሩ ለምን ያለቅሳሉ?

የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ በ1975 ወጣ። ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለ ሰው ስድስት ወር ሠልጥኖ ሁለት ዓመት እንዲያገለግል ይላል። በወረቀት ላይ በብዙ አገር ያለ ሕግ ነው። በተግባር ግን ቀበሌ ኮታ ይሰጠዋል፤ ኮታው ካልሞላ ከመንገድ፣ ከሲኒማ ቤት በር፣ ከኳስ ሜዳ ይታፈሳል። ዳቦ ግዛ ተብሎ የተላከ ልጅ አልተመለሰም። ሁለት ዓመት የተባለውም ጦርነቱ እስካላለቀ ድረስ አያልቅም ነበር።

ስለ ጦርነቱ በግልጽ መነጋገር አይቻልም። "በድርድር ይለቅ" ያለ ከሃዲ ነው። የጦሩ ጄኔራሎች ራሳቸው ግንቦት 8፣ 1981 መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ፤ ከፈለጉት አንዱ ጦርነቱ በድርድር እንዲቆም ነበር። አልተሳካም። በዓመቱ 12 ጄኔራሎች ተገደሉ። ወታደሩም እንደ ሲቪሉ ይፈራ እንደነበር ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

"በደርግ ጊዜ ሌባ አልነበረም፣ ኑሮ ርካሽ ነበር" ይባላል። ምን ትላላችሁ?

የሚሉትን ሰዎች አክብሬ እሰማቸዋለሁ። ኪራይ ርካሽ ነበር፣ የቀበሌ ዳቦም ርካሽ ነበር። ለእሱ ግን ከሌሊት ጀምሮ መሰለፍ ነበረበት፤ ደርሶ "አልቋል" መባልም አለ። ሌሊት መንገዱ ጭር ያለው በሰዓት እላፊ ነው። ያኔ ቤት የሚያንኳኳ ሰው ካለ የሚፈራው ሌባ አልነበረም።

እንዲህ የሚሉት ሰዎች ቀይ ሽብርን ናፍቀው አይደለም። ዛሬ ኪራይ አቅላቸውን አስቷቸዋል፣ ማታ ስልካቸው ይነጠቃል። ናፍቆታቸውን በክርክር ከመርታት ይልቅ የጎደላቸውን መስማት ይጠቅማል።

በሌሎች የአፍሪካ አገሮች መፈንቅለ መንግሥት ሲደረግ ሰው ለምን ይጨፍራል?

የእኛን 1967 ያወቀ አይገረምም። ማሊ፣ ቡርኪና ፋሶ፣ ኒጀር፣ ጋቦን፣ ሁሉም ቦታ ሰው የወጣው ከፊት የነበረው ስለመረረው ነው። የአፍሪካውያንን አስተያየት የሚያጠናው አፍሮባሮሜትር እንደ አውሮፓውያን በ2024 ባወጣው ዘገባ፣ በ39 አገሮች ከተጠየቁት 53 በመቶው የተመረጡ መሪዎች ሥልጣናቸውን አላግባብ ከተጠቀሙ ጦሩ ቢገባ ይቀበላሉ። እነዚሁ ሰዎች የወታደር አገዛዝ ይሻላል ወይ ሲባሉ ሁለት ሦስተኛው ገደማ አንፈልግም ይላሉ። ክፉውን መሪ አንሥቶ ወደ ካምፑ የሚመለስ ወታደር ነው የሚፈልጉት። እኛም የፈለግነው እሱን ነበር።

የአፍሪካ ኅብረት እንዲህ ያሉ አገሮችን ከአባልነት ያግዳል። የኅብረቱ አዳራሽ የቆመው ቀድሞ ዓለም በቃኝ የሚባለው እስር ቤት በነበረበት፣ ከርቸሌ በምንለው ግቢ ነው። ስድሳዎቹ የተገደሉት እዚያ ነው። እገዳው ተገቢ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። የተመረጠ መሪ ሕገ መንግሥት እየቀያየረ ሲሰነብት ዝም የሚል ማኅበር፣ ታንክ ሲወጣ ብቻ ቢጮህ ጎዳና ላይ ያለው ወጣት አይሰማውም።

እና ለፖሊሲ ምን ይከተላል?

አንደኛ፣ አገልግሎትና ቁጥጥር አንድ እጅ ውስጥ አይግቡ። መታወቂያና የቤት ጉዳይ የሚጨርስ ወረዳ የሰውን የፖለቲካ አቋም የሚመዘግብ መሆን የለበትም። ይህን ከሁሉ አስቀድማለሁ፤ ፍርሃት ወደ ቤት የገባው በዚያ በር ነውና።

ከዚያ ቀጥሎ፣ ሕግ ከመውጣቱ በፊት የሚነካውን ሰው መጠየቅ ነው። በአዳራሽ ሰብስቦ እጅ ማስወጣት መጠየቅ አይደለም። ስሙ የማይጻፍበት ጥናት፣ ነፃ ጋዜጣ፣ "አይሆንም" ያለ ሰው ማታ ቤቱ በሰላም የሚያድርበት ዋስትና ያስፈልጋል። ቤት የሚወስድ ወይም የሚያፈርስ ፖሊሲ ካለ ካሳውና ምትክ ቦታው ከመዶሻው ይቅደም።

ስለ ጦሩ ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 87 በቂ ነገር ይላል። የመከላከያ ሚኒስትሩ ሲቪል ይሁን፣ ጦሩም ከፓርቲ ወገንተኝነት ነፃ ይሁን ይላል። አንቀጹ ያለው ሁሉ በተግባር ይታይ ብሎ መጠየቅ የማንኛውም ዜጋ መብት ነው።

ፍርድም አለ። መንግሥቱ በሌለበት በታህሳስ 1999 በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ ተባለ፤ በግንቦት 2000 ሞት ተፈረደበት። ችሎቱ ከተጀመረ ከ12 ዓመት በላይ ፈጅቷል። ቢዘገይም የተሰበሰበው ሰነድ ትልቅ ሀብት ነው። በሥርዓት ተይዞ ለተመራማሪም ለተጎጂ ቤተሰብም ክፍት ሊሆን ይገባል።

መሀል ከተማ ውስጥ የት ልይ?

መስቀል አደባባይ ጠርዝ ላይ በ2002 የተከፈተውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ጀምሩ። ከዚያ ቸርችል ጎዳና ላይ ያለው የትግላችን ሐውልት አለ፤ ለአብዮቱ 10ኛ ዓመት በ1977 የተመረቀ ነው። ሁለቱን በአንድ ቀን እዩአቸው። አንዱ መንግሥት ስለ ራሱ የተናገረው ነው፣ ሌላው ሰው የቀመሰው።

ቤተሰቦቼ ስለዚያ ዘመን አይናገሩም። እንዴት ልጠይቃቸው?

በፖለቲካ አትጀምሩ። "ደርግ ጥሩ ነበር?" ብላችሁ ብትጠይቁ "ተወው ልጄ" ነው መልሱ። "እማማ፣ ያኔ ኪራይ ስንት ነበር? ዳቦ ከየት ትገዙ ነበር? ዘመቻ የት ሄደሽ?" በሉ። ኑሮውን ሲያነሡ ሌላው ራሱ ይመጣል። ቡና ተፈልቶ፣ እንግዳ በሌለበት ሰዓት ይሁን። በስልክ ለመቅዳት አስቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ። አንዳንዱ ሰው መቅጃ ሲያይ ዛሬም ዝም ይላል፤ አትጫኑት። የጎረቤት ስም ቢጠራ ፌስቡክ ላይ እንዳታወጡት። ያ ጎረቤት ልጆች አሉት፤ እናንተ ጋር አንድ ሰፈር ነው የሚኖሩት። ፎቶ ካለ ከጀርባው ቀንና ቦታ አስጽፉ። ታሪኩን በሙሉ ባንድ ቀን ለመስማት አትቸኩሉ፤ "ጋሼ፣ በሌላ ጊዜ ልምጣ?" ብላችሁ ተነሡና ተመልሳችሁ ሂዱ።